«ሆርሞንሽ ተዛብቷል» ከተባለ በኋላ፦ ስለ እንቁላል ማምረቻ ከሐዋሳ አንባቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ አባባል ይደጋገማል፦ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል አሉኝ»። ይህ አባባል ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም፤ መድኃኒት ሊታዘዝበትም አይገባም። የትኛው ሆርሞን ነው? የወር አበባ በመጣ በስንተኛው ቀን ተለካ? ውጤቱስ ስንት ሆነ? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ የሚገዛ እንክብል ብዙ ጊዜ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዱን ሳምንት ሌሊት እገባለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ 4 ወር ሊሞላው ነው። ከስቻለሁም። መድኃኒት ቤት ስጠይቅ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል፣ ማስተካከያ እንክብል ውሰጂ» አሉኝ። ልጀምር? ለመሆኑ ሆርሞኑ የሚመነጨው ከየት ነው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንክብሉን አሁን አትጀምሪ። መጀመሪያ የሽንት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። «ሊሆን አይችልም» ብለሽ አትዝለይው፤ ለቀረ የወር አበባ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው።

ሆርሞኑ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ አንድ አንድ የእንቁላል ማምረቻ አለ፤ ሐኪሞች ኦቫሪ ይሉታል። ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነቅርፊቱ ያለ ኦቾሎኒ ቢያክል ነው። እንቁላል ያበስላል፣ ሆርሞንም ይሠራል። ሁለቱ ሥራዎች አይነጣጠሉም፤ ሆርሞኑን የሚሠሩት እንቁላሏን ከበው የሚያሳድጓት ሕዋሳት ራሳቸው ናቸውና። እንቁላል ማደግ ሲያቆም ሆርሞኑም የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ የወር አበባ በምታይበት ዕድሜ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ። በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት ግን ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የተቀሩት ሳይበስሉ ይጠፋሉ።

ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ከ60 እስከ 90 ደቂቃ እየቆየ ጥቂት ጥቂት ሆርሞን ይለቃል። ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ይህን ሲቀበል ኤፍኤስኤችና ኤልኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይልካል። ደም ያየሽበትን የመጀመሪያ ቀን 1 ብለሽ ቁጠሪ። በዚያ ሳምንት ኤፍኤስኤች በኦቫሪ ውስጥ ያሉ ጥቂት ትንንሽ ከረጢቶችን ያሳድጋል፤ እያንዳንዷ ከረጢት አንድ እንቁላል ይዛለች። ከ7ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አንዷ ሌሎቹን ትቀድማለች። በቀን 2 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገች 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። የከረጢቷ የውጭ ሕዋሳት በኤልኤች ትእዛዝ ከኮሌስትሮል ተነስተው የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች ይሠራሉ። የውስጦቹ ሕዋሳት ደግሞ በኤፍኤስኤች ትእዛዝ እነዚያን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጧቸዋል። የሴት ሆርሞን የሚሠራው ከወንድ ሆርሞን ነው ማለት ነው። ስለ ፊት ጸጉር ለሚጠይቁ አንባቢዎች ይህ ነጥብ ከታች ይጠቅማቸዋል።

ኤስትሮጅን የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል፤ ከማህፀን በር የሚወጣውንም ፈሳሽ ቀጭንና ተለጣጭ ያደርጋል። መጠኑ ከፍ ብሎ 2 ቀን ያህል ሲቆይ ፒቱታሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ኤልኤች ይለቃል። ይህ በጀመረ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከረጢቷ ተከፍታ እንቁላሏ ትወጣለች። እንቁላሏ የወንድ ዘር ካላገኛት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ትቆያለች። የቀረችው ከረጢት ግን ሥራዋን አልጨረሰችም፤ ቀለሟ ቢጫ ሆኖ ፕሮጄስትሮን ማመንጨት ትጀምራለች። ፕሮጄስትሮን የወፈረውን ግድግዳ ለፅንስ ያዘጋጀዋል፤ የሰውነትንም ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ፅንስ ካልመጣ ከረጢቷ በ14 ቀን ገደማ ትሟሽሻለች፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ግድግዳው ይረግፋል። የወር አበባ ይህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ሰውነት የሚያወጣውን ጉልበት ያህል ምግብ ሳያገኝ ሲቀር፣ እንቅልፍ ሲቆራረጥ፣ ጭንቀት ሲበዛ አንጎል ያንን ትእዛዝ ያራርቀዋል። ኦቫሪው ጤነኛ ነው፤ የሚያዘው ግን አጥቷል። ባንቺ ላይ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው። ቢሆንም የታይሮይድ ዕጢ ችግርና የጡት ወተት የሚያስመነጨው ሆርሞን፣ የፕሮላክቲን፣ መብዛትም የወር አበባን ያስቀራሉ። ሳታጠቢ ጡትሽ ወተት የሚያወጣ ከሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዕይታ መቀነስ ካለ፣ ወይም ለአእምሮ ሕመም ወይም ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጡ መድኃኒቶችን የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ሲጠበቅ የነበረ የወር አበባ 3 ወር ከቀረ መመርመር ይገባል፤ አንቺ ደግሞ አልፈሽዋል። የሚታዘዙት ምርመራዎች ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየው)፣ ፕሮላክቲን፣ ኤፍኤስኤችና ኤስትራዳዮል (ዋናው የኤስትሮጅን ዓይነት) ናቸው። ኤስትራዳዮል ዝቅ ብሎ ኤፍኤስኤችም ዝቅ ካለ ወይም መካከለኛ ከሆነ ችግሩ ያለው ከአንጎል በኩል ነው። ኤፍኤስኤች ከ25 በላይ ከወጣ ደግሞ ኦቫሪው ራሱ እየደከመ ነው፤ ይህ በ23 ዓመት ሲገኝ ቸል አይባልም።

እንክብሉን ብትጀምሪ በየወሩ ደም ታያለሽ። ደሙ ግን ከእንክብሉ ሆርሞን የሚመጣ ነው፤ አንጎልሽና ኦቫሪሽ መነጋገር ጀምረዋል ማለት አይደለም። ስታቆሚው ወደ ነበርሽበት ትመለሻለሽ፤ በመካከሉ ግን ምክንያቱን የማወቂያ ጊዜ አልፏል። ኤስትሮጅን ለብዙ ወራት ሲያንስ አጥንትም ይሳሳል።

ከዛሬ ጀምረሽ ልታደርጊው የምትችይው አለ። የሌሊት ፈረቃ ከመግባትሽ በፊት ሙሉ ምግብ ብዪ፤ በሻይና በዳቦ ብቻ አትግቢ። ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ በሐዋሳ ገበያ የማይጠፋው አቮካዶ፣ ቆጮ ከአይብ ጋር ጥሩ ናቸው። የወረደው ኪሎ ሲመለስ የወር አበባም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ እንቁላሏ የምትወጣው ደሙ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ፣ ገና የወር አበባ ሳታዪ ልትፀንሺ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ በ28 ቀን ነበር የሚመጣው። ነሐሴ 12 አይቼ ቀጣዩ መስከረም 5 መጣ፤ በ23 ቀን ማለት ነው። ምን ነክቶኝ ነው? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ ጳጉሜን ሳይቆጥሩ ቀርተው ነው። ከነሐሴ 12 እስከ 30 ድረስ 18 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ መስከረም 5 ቀን፤ ድምሩ 28 ነው። ምንም አልነካዎትም። በሌሎቹም ወራት የወር አበባ በዚያው ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ዑደትዎ 26 ቀን ቢሆን በየወሩ 4 ቀን እየቀደመ ይሄዳል። ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ጤናማ ነው፤ ደሙም ከ8 ቀን መብለጥ የለበትም። የወር አበባ ባዩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሚገኙ ልጃገረዶች ግን ከ21 እስከ 45 ቀን ቢወዛወዝ አያስደነግጥም።

ጥያቄ፦ የ3 ወር መርፌ ለ2 ዓመት ወስጃለሁ። ደም አላይም ነበር። ጎረቤቶቼ «ደሙ ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» ይሉኛል። ልጅ ፈልጌ ካቆምኩ፣ የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋሁ 7 ወር ሆነኝ፤ እስካሁን ምንም የለም። መካን ሆኜ ይሆን? (ከሐዌላ ቱላ)

መልስ፦ አልሆኑም። መርፌው 150 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ይዟል። አንጎል ያንን ብዙ ኤልኤች እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እንቁላል አይወጣም። የማህፀን ግድግዳም ቀጭን ሆኖ ይቆያል። ያልወፈረ ግድግዳ የሚረግፍ ነገር የለውም፤ የሚጠራቀም ደምም የለም። ደም በእርግጥ የሚጠራቀመው መውጫው ሲዘጋ ነው፤ ያ ደግሞ በየወሩ ብርቱ የሆድ ሕመም ያመጣል።

መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይወስዳል፤ እርስዎ ገና በዚያ ውስጥ ነዎት። በዚህ ጊዜ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይጀምሩ። ከመጨረሻው መርፌ 12 ወር ሞልቶ የወር አበባ ካልመጣ ሐኪም ይዩ። ለወደፊቱ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጅ ለሚፈልጉ ሴቶች መርፌው አይመችም ብለን እናምናለን። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ሉፑና እንክብሉ ሲቆሙ እንቁላል የመውጣት ሥራ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይህን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ማወቅ የእያንዳንዷ ሴት መብት ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ፖስት ፒል ደጋግሜ ወስጃለሁ፤ የወር አበባዬም ተዘበራረቀ። ኦቫሪዬን ጎድቼው ይሆን?

መልስ፦ አልጎዳሽውም፤ እንቁላሎችሽም አልቀነሱም። እንክብሉ 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። የሚሠራው እንቁላሏ እንዳትወጣ በማዘግየት ነው፤ ለዚህ ነው የወር አበባሽ የሚቀድመው ወይም የሚዘገየው። የኤልኤች መብዛት ከጀመረ በኋላ ከተወሰደ ግን አያድንም። በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል ቢባልም በየሰዓቱ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነገ አትበይ። ከወሰድሽ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ድገሚው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንድ እንክብል ላይበቃሽ ስለሚችል ለፋርማሲስቱ ንገሪው። የወር አበባሽ ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ደጋግሞ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ደግሞ መደበኛ መከላከያ ከዚህ በብዙ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ 28 ዓመቴ ነው፤ ካገባሁ 2 ዓመት ሆነኝ። የወር አበባዬ በ2 ወር፣ አንዳንዴ በ3 ወር ይመጣል። አገጬ ላይ ጸጉር ይበቅላል። ኪሎዬ 78 ነው። አልትራሳውንድ «በሁለቱም ኦቫሪ ብዙ ሲስት» አለ። በ21ኛው ቀን የተለካው ፕሮጄስትሮንም ዝቅተኛ ነው ተባልኩ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል? የባለቤቴ ቤተሰቦች እያስጨነቁኝ ነው። (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ያለብዎት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ይመስላል። ከሴቶች ከ10ሩ በአንዷ ገደማ ላይ የሚገኝ ችግር ነው። በአልትራሳውንዱ የታዩት የሚቆረጡ ዕጢዎች አይደሉም። እነሱ ከላይ የገለጽናቸው እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ናቸው፤ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ደርሰው ቆመዋል። አንዷም ቀድማ አልወጣችም።

ለምን ቆሙ? በብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ ስለማይታዘዝ ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ከኤልኤች ጋር ሆኖ የከረጢቷን የውጭ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ እነሱም የወንድ ሆርሞን ያበዛሉ። ውስጠኞቹ ሁሉንም ወደ ኤስትሮጅን መለወጥ አይችሉም፤ የተረፈው ወደ ደም ይገባል። የአገጩ ጸጉርና ብጉር ከዚህ ነው የሚመጣው። እንቁላል ስለማይወጣ ፕሮጄስትሮን የለም፤ የማህፀን ግድግዳ በኤስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ይቆያል፤ ሲረግፍም ደሙ ይበዛል። ልጅ ባይፈልጉም እንኳ ከ3 ወር በላይ ደም ሳያዩ መቆየት የለብዎትም፤ ለዓመታት ያልረገፈ ግድግዳ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት በሚወሰድ የፕሮጄስትሮን እንክብል እንዲረግፍ ያደርገዋል።

ስለ 21ኛው ቀን ምርመራ አንድ ነገር እንበልዎ። ያ ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ነው። ፕሮጄስትሮን መለካት ያለበት ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ሲቀረው ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን ለሆነች ሴት 28ኛው ቀን ማለት ነው። ዑደትዎ 60 ቀን ከሆነ በ21ኛው ቀን ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረዎትም። ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና ኤስትራዳዮል ደግሞ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይለካሉ። ደም ሲሰጡ በዑደትዎ ስንተኛ ቀን እንደሆኑ በምርመራ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ያለዚያ ቁጥሩን ማንም በትክክል ሊያነበው አይችልም።

በሽታው አለ የሚባለው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ የወር አበባ መራራቅ፣ የወንድ ሆርሞን ምልክት፣ በአልትራሳውንድ በአንዱ ኦቫሪ 20ና ከዚያ በላይ ከረጢት ወይም የኦቫሪ መተለቅ። ከዚያ በፊት ግን ታይሮይድና ፕሮላክቲን ታይተው ደህና መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የስኳር ምርመራም ያድርጉ።

ሕክምናው ከኪሎ ይጀምራል። ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በእርስዎ ከ4 እስከ 8 ኪሎ መቀነስ ብቻውን እንቁላል ማውጣት ሊያስጀምር ይችላል። ቆጮን ይተዉ አንልም። ነገር ግን ከሳህኑ ግማሹ ጎመንና ሌላ አትክልት፣ ሩቡ አሳ፣ ባቄላ ወይም ምስር፣ የቀረው ሩብ ቆጮ ወይም እንጀራ ይሁን። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ ሲቀርብ ለበዓል ይሁን፤ ለስላሳ መጠጥ ግን ጨርሶ ይቅር። በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ በሐይቁ ዳር ፈጠን ብለው ይራመዱ። ሐኪሙ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳውን ሜትፎርሚን ካዘዘ ከምግብ ጋር በ500 ሚሊ ግራም ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር የሆድ መረበሽን ይቀንሳል።

እንቁላል ለማስወጣት ዛሬ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ኤስትሮጅንን ለጊዜው ስለሚቀንስ አንጎል ብዙ ኤፍኤስኤች ይልካል፤ አንዷ ከረጢትም ትቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ትልቅ ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ለዚሁ የሚሰጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ክሎሚፊንን፣ ከወሰዱት 19.1 በመቶ ልጅ ወልደዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ግን አይወሰድም።

ከሁሉም በፊት ባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርጉ፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅበው ነው የሚሰጡት። ሴቷ ለዓመታት በመድኃኒት ተንከራታ የወንዱ ሳይታይ መቅረቱ ያሳዝነናል፤ ዋጋው ትንሽ፣ መልሱም ፈጣን ነውና። ጫናውን ብቻዎን መሸከም የለብዎትም፤ ይህን መልስ አብረው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ በግራ ኦቫሪዬ 4 ሳንቲ ሜትር ሲስት ተገኘ። 31 ዓመቴ ነው። ይቆረጥ? ጎረቤቴ ሲስቷ ተከፍቶ ጸጉር ተገኘበት፤ ድግምት ነው ተባለ። (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ውሃ ብቻ የያዘ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ በውስጡ ጠንካራ ነገር የሌለው ሲስት ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ አይቆረጥም። አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሏን ሳትለቅ ያደገች ወይም ከለቀቀች በኋላ ውሃ የሞላት ከረጢት ናት፤ ከ2 እስከ 3 ዑደት ውስጥ ራሷ ትጠፋለች። እርግጠኛ ለመሆን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይተው የወር አበባ እንዳበቃ አልትራሳውንዱን ይድገሙ። «ለማሟሟት» ተብሎ የሚሰጠው የመከላከያ እንክብል መጥፋቷን አያፋጥንም። በሲስቱ ውስጥ ጠንካራ ክፍል ወይም ወፍራም መጋረጃ፣ ወይም በሆድ ውስጥ ፈሳሽ ከታየ፣ ወይም ሴቲቱ ካረጠች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

የጎረቤትዎ ዴርሞይድ ይባላል። እንቁላል ማንኛውንም የሰውነት ክፍል ለመሥራት የሚያስችል አቅም አላት፤ አንዳንዴ በኦቫሪው ውስጥ እያለች ራሷ ማደግ ትጀምርና ጸጉር፣ ስብ፣ ጥርስም ሳይቀር ትሠራለች። በወጣት ሴቶች የተለመደ ነው፤ ማንም አላደረገባቸውም።

አንድ የማይታገስ ነገር አለ። በአንድ በኩል ድንገት የጀመረ ብርቱ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ኦቫሪው በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ደም አጥሮበት ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ካልተፈታ ይሞታል። ማስታገሻ ውጠው ሌሊቱን አያሳልፉ፤ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው። የዛሬ 10 ዓመት አንዱ ኦቫሪዬ ወጥቷል። አሁን የወር አበባዬ ይቆራረጣል፣ ሌሊት በላብ እነቃለሁ። ኦቫሪው ስለወጣ ነው? (ከባህል አዳራሽ)

መልስ፦ እናታችን፣ አንዱ ሲወጣ የቀረው በየወሩ እንቁላልም ሆርሞንም ለብቻው ይሸፍናል፤ ማረጥ ቢቀድም በጥቂቱ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ይህ የማረጥ መቃረቢያ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ባለው ውስጥ ያርጣሉ። የቀሩት ከረጢቶች ጥቂት ስለሆኑ ኤስትሮጅን አንድ ወር ከፍ፣ አንድ ወር ዝቅ ይላል፤ ሙቀትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም በዚህ ይረበሻል። ለዚህ የኤፍኤስኤች ምርመራ አያስፈልግዎትም፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ያሳስታል። ላቡ እንቅልፍ ከነሳዎት የኤስትሮጅን ሕክምና አለ። ማህፀን ላላት ሴት ግን ያለ ፕሮጄስትሮን ብቻውን መሰጠት የለበትም፤ የደም መርጋትና የጡት ካንሰር ታሪክ ካለ ደግሞ አስቀድመው ይንገሩ። 12 ወር ሙሉ ደም ሳያዩ ከቆዩ አርጠዋል ማለት ነው፤ እስከዚያው ሊፀንሱ ስለሚችሉ መከላከያ አይተዉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ ብትመጣ፣ ሕመም ባይኖራትም፣ በዚያው ሳምንት ይመርመሩ።